በቃሏ የምታውቃቸው ትእዛዞች

ለመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር የመጣች ቀን ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱ በእስላም፣ አንዱ በክርስቲያን። ድሬዳዋ ላይ ድግስ ማለት እንደዚያ ነው፤ ማንም ተለይቶ ቆሞ አያይም። እኔ ያኔ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ሃያ አራት። ጊዜው የደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው፤ መጨረሻ መሆኑን ግን ማንም አልነገረንም። ሥጋው ከመቅረቡ በፊት የአስተዳደር ኃላፊያችን ንግግር አደረገ። "ጓዶች፣ ከእንግዲህ በዚህ መሥሪያ ቤት ስህተት የሚባል ነገር የለም" አለ። አጨበጨብን። በዚያ ዘመን የማይጨበጨብለት ንግግር አልነበረም፤ ሥጋው እስኪቀርብ ቢሆን ለዝናብ መጥፋትም እናጨበጭብ ነበር።

ማሽኗን ያስቀመጡባት ክፍል የጠቅላላ ሕንፃው ምርጥ ክፍል ነበረች። ሙቀት ያበላሻታል ስለተባለ ማቀዝቀዣ ተገጠመላት። በድሬ ሙቀት ሰው በላብ እየቀለጠ ብረት ተቀዝቅዞ ይቀመጣል። ሠራተኛው ሁሉ ፋይል በብብቱ ይዞ፣ ጉዳይ ያለው መስሎ፣ እኔ ክፍል እየገባ ጀርባውን ወደ ማቀዝቀዣው ያዞር ነበር። እኔ የተመረጥኩት ጣቴ ፈጣን ስለሆነ ነው ተባለ። እውነቱ ሌላ ነው። ማሽኗ ብትበላሽ "አሻጥር" መባሉ አይቀርም፤ አሻጥር ደግሞ የሚያስጠይቅ ነገር ነበር። ስለዚህ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ እኔ ሳላፈገፍግ ቀረሁ።

ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጥቶ ስድስት ቀን አስተማረኝ። ቀጭን፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ የማይጨርስ ሰው ነበር። ያስተማረኝን አንድም አልረሳሁም፤ ብረሳው በወደድኩ።

"ይቺ ማሽን ጠዋት ስትነሳ ባዶ ናት" አለኝ፣ ዶስ የሚባለውን ዲስኬት ከላይኛው አፏ እያስገባ። "ከዚህ ዲስኬት ላይ ጥቂት ትእዛዞችን አንብባ በቃሏ ትይዛለች፤ ዳዊት በቃሉ እንደሚደግም ሰው። ከዚያ በኋላ ዲስኬቱን ብታወጪባትም አትረሳቸውም። መብራት እስኪጠፋ ድረስ አብረዋት ናቸው። ሌሎቹን ትእዛዞች ግን በቃሏ አትችላቸውም፤ በጠራሻቸው ቁጥር ከዲስኬቱ ላይ ማንበብ አለባት። ዲስኬቱ ከሌለ አላውቅም ትልሻለች።"

በደብተሬ ገጽ መሐል ላይ መስመር አሰምሬ በሁለት ከፍዬ ጻፍኩ። በስተግራ በቃሏ የምታውቃቸው፦ ዲር፣ ዲስኬት ውስጥ ምን ምን እንዳለ የምትናገርበት፤ ታይፕ፣ የተጻፈውን አውጥታ የምታሳይበት፤ ኮፒ፣ የምትገለብጥበት፤ ሬን፣ ስም የምትለውጥበት፤ ዴት እና ታይም፣ ቀንና ሰዓት የሚነገራት፤ እና ዴል፣ የምታጠፋበት። በስተቀኝ ከዲስኬት የምታነባቸው፦ ፎርማት፣ ዲስኬቱን እንዳለ ባዶ የሚያደርገው፤ ኤድሊን፣ የተጻፈ ነገር መስመር በመስመር የሚታረምበት፤ ሌሎችም። ሰውየው ስለ ዴል አንድ ነገር ጨመረልኝ። "አጠፋሁት ብለሽ እንዳታምኚ። እሷ የምትፍቀው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው። የቀረው፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ፣ እዚያው ተኝቶ ይኖራል።" ይህንንም ጻፍኩት፤ ለፈተና ይመጣ መስሎኝ።

ኃላፊያችን ከትምህርቱ ውስጥ የሰማው ፎርማትን ብቻ ነበር። አንዲት ቃል ተጽፋ ዲስኬት ሙሉ ሥራ ባዶ ይሆናል ሲባል ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዶሱን ዲስኬት ከማኅተሙ ጋር ብረት ካዝና ውስጥ ቆለፈው። ጠዋት ጠዋት እሱ ራሱ ይዞት ይመጣል፣ ማሽኗን ያስነሳል፣ ዲስኬቱን ያወጣና መልሶ ይቆልፋል። አንጎሏን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚሄድ ይመስለው ነበር። ዴል እንኳ ከእኔው ጋር እንደቀረች አልነገርኩትም። ተንኮል አስቤ አይደለም። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አናውቅም፣ አለቃንም አንተ እንለው ነበር፤ ነገር ግን አለቃን አንተ ማለት አንድ ነገር ነው፣ አላዋቂ ማለት ሌላ ነገር ነው።

የምንኖረው ገንደ ቆሬ ነበር፤ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። አባታችን ባቡር ላይ ሲሠራ ኖሮ ባቡር ላይ እንዳለ ነው የሞተው። ግቢው አምስት ክፍሎች በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተደረደሩበት ነው። ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ስለሆነ ከአንዱ ቤት ኮርኒስ የወጣች ድመት በሌላው ትወርዳለች። ከእኛ ቀጥሎ ያለችው ጎረቤታችን ሳምቡሳና ባጂያ ጠብሳ ግቢው በር ላይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አዮ እንላታለን፤ በሐረርጌ ኦሮምኛ እናት ማለት ነው። እኔንና ወንድሜን እናታችን ስትታመም ያበላችን እሷ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነበር፤ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ፣ በሁሉም ሰው የሚቀልድ፣ ኮምፒዩተር ክፍል ከገባሁ በኋላ ደግሞ እኔን "ማሽኗ" ብሎ የሚጠራኝ። "ማሽኗ፣ ዛሬ ምን አሰብሽ?" ይለኛል። "ያንተን ቆሻሻ ካልሲ" እለዋለሁ።

ያ ልጅ ጅቡቲ ገባ ተባለ።

የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ነበር ምክንያቱ። ጥሪ በመጣ ቁጥር ከየሰፈሩ ወንድ ልጅ ይጠፋል፤ የሚችል በባቡር፣ የማይችል ከኮንትሮባንድ ግመሎች ኋላ። አዮ አንድ ጠዋት ግቢው መሐል ተቀምጣ አለቀሰች። "ሄደብኝ! ሳይሰናበተኝ ሄደብኝ!" እኛም ዙሪያዋን ተቀምጠን አለቀስን፤ ሦስት ቀን ሻይ አፍልተን አብረናት ዋልን። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር መጥቶ አጽናንቷት፣ ስሙን ከመዝገቡ ላይ ሰርዞ "ጅቡቲ" ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ፣ ዕቃ ይዘው የሚመላለሱት ሴቶች መልእክት እንዳመጡላት ትነግረናለች። "ደህና ነኝ ብሏል፤ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቷል።" እኛም አልሐምዱሊላህ እንላለን፤ ክርስቲያኗ እናቴም ጭምር።

በዚያው ሰሞን እኛ ቤት ጣሪያ ላይ የሚንኮሻኮሽ ነገር መጣ። አይጥ ነው ብዬ መድኃኒት ገዝቼ፣ በዱቄት ለውሼ፣ በኮርኒሱ ቀዳዳ ወረወርኩ። አዮ ይህን ስትሰማ እየሮጠች መጣች። "አቦ ምን ነካሽ! መርዝ ጣሪያ ላይ ይጣላል? ነገ ዘንቦ ውሃችን ውስጥ ቢገባስ!" ብላ ጮኸችብኝ። ድሬ ላይ እንደው በየቀኑ የሚዘንብ ይመስል። እሷ ስትቆጣ አይቻት ስለማላውቅ ደንግጬ ከቀዳዳው ሥር ገለል አልኩላት። ከዚያ በራሷ እጅ፣ በእንጨት እየጎተተች፣ አንድ ፍርፋሪ ሳታስቀር መርዙን አወጣችው። አሮጊትነት ነው ብዬ አለፍኩት፤ ለብቻዋ የምትጋግረው እንጀራ መብዛቱንም እንደዚሁ።

ዝርዝሩ ወደ እኔ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ከቀበሌዎቹ በላይ ያለውን የከፍተኛውን አስተዳደር ካድሬ ይዞ ክፍሌ ገባ። ካድሬው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ሰፈራችንን የማያውቅ ሰው ነበር። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። በየቀበሌው ሊቃነ መናብርት ለውትድርና የተመረጡ ወጣቶች ስም ነው፤ አርባ። እኔ በማሽኗ እንድጽፈው፣ እንዳትመው ነው የተፈለገው።

"ከእንግዲህ እናቶች ቀበሌ በር ላይ እየመጡ አይጮሁም" አለ ካድሬው፣ እንደ ትልቅ ግኝት። "ልጄን ማን መረጠው ሲሉን ኮምፒዩተሩ ነው እንላቸዋለን። ኮምፒዩተር ዘመድ የለው፣ ቂም የለው።"

ኃላፊያችን ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ዶሱ ከካዝና ወጥቶ፣ ኤድሊን ተጠርቶ፣ ሁለቱ ከጀርባዬ ቆመው መጻፍ ጀመርኩ። ማሽኗ አማርኛ ስለማትችል ስሙን ሁሉ በላቲን ፊደል ነው የምጽፈው። ሃያ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ የወንድሜን ስም አገኘሁት፤ ከነአባታችን፣ ከነአያታችን።

ጻፍኩት። ጣቴ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ በራሴ የምናደደው በዚህ ነው፤ የሰው ጣት እንዴት እንደዚያ ታዛዥ ይሆናል? ሃያ አራተኛውን ቀጠልኩ። ሲያልቅ ካድሬው በጣቱ እየቆጠረ አርባ መሆኑን አረጋገጠና በእጅ የተጻፈውን ወረቀት እዚያው ፊት ለፊቴ ቀዳደደው። የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ ማንም እንዳያይ ነው። ማተሚያ ወረቀት አልቆ ስለነበር ነገ አራት ሰዓት ላይ ወረቀት ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ማታ ወንድሜ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት ውሎ፣ ጉልበቱ ተልጦ፣ ራቱን በቁሙ በላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቴ "ተቀመጥ፣ ሆድህ ይታመማል" አለችው። እሱ "የሚታመም ሆድ ቢኖረኝ እኮ ነው" አላት። እኔ ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ብናገር እናቴ ትጮኻለች፣ ግቢው ይሰማል፣ ቀበሌው ይሰማል፣ ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ መሆኔ ደግሞ የታወቀ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ኃላፊያችን እንደ ልማዱ መጣ፤ ማሽኗን አስነሳ፣ ዲስኬቱን አወጣ፣ ቆለፈ፣ ወደ ውይይት ክበብ ስብሰባ ሄደ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ዝርዝሩ ያለበት ዲስኬት ታችኛው አፏ ውስጥ ነው። ኤድሊን ካዝና ውስጥ ነው፤ አንድ መስመር ማረም አልችልም። ተቀምጬ ማሽኗን አየኋት። በቃሏ የምታውቀው ምንድን ነው? ብዬ ደብተሬን ሳልገልጥ ከግራው በኩል አንድ በአንድ ለራሴ ደገምኩ። ኮፒ ላይ ስደርስ ያ ላብ የማይደርቅለት ሰው በመጨረሻው ቀን፣ ሻንጣውን ይዞ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያሳየኝ ነገር ትዝ አለኝ። ለካ ኮፒ ከዲስኬት ወደ ዲስኬት ብቻ አይደለም። ኮፒ ኮን ካልሻት በጣትሽ የምትጽፊውን ራሱን ትገለብጣለች። ችግሩ ወደ ኋላ መመለስ አለመኖሩ ነው፤ መስመሩን ከዘጋሽ በኋላ ያለፈው መስመር አይታረምም።

መጀመሪያ በታይፕ ዝርዝሩን አወጣሁና አርባውንም ስም በእርሳስ ገለበጥኩ። ቀጥሎ ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ትናንት ከሰዓት በኋላ መለስኩት፤ ዲር ሲባል ዛሬ የተጻፈ እንዳይመስል። ማሽኗ ምንም አላለችም፤ ትናንት ነው ካልሻት ትናንት ነው። ከዚያ ኮፒ ኮን ብዬ አዲስ ዝርዝር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የማውቃቸው ስሞች አሉ፤ ትምህርት ቤት አብረውኝ የነበሩ፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ሸቀጥ የሚሸጡ። ለእነሱ ማዘን አልቻልኩም። ሐዘኔ በሙሉ ሃያ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር የሚጠብቀኝ።

እዚያ ስደርስ ቆምኩ። ባዶ ብተወው ሠላሳ ዘጠኝ ይሆናል፤ ካድሬው ይቆጥራል። የሌለ ሰው ስም ብፈጥር ቀበሌው ፈልጎ ሲያጣው ዝርዝሩን ይመልሰዋል። የሞተ ሰው ብጽፍ ማሽኗ ተሳሳተች ተብሎ ምርመራ ይመጣል። የሚያስፈልገኝ በሕይወት ያለ፣ የሚታወቅ፣ ነገር ግን እጃቸው የማይደርስበት ሰው ነው። የአዮን ልጅ አሰብኩ። ጅቡቲ ያለ ሰው ማን ያገኘዋል? ይመጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ የለም ይባላሉ፣ ይሄዳሉ። እሱም ከወደቡ ላይ ሆኖ ቢሰማ "ማሽኗ አስታወሰችኝ" ብሎ ይስቃል።

ጻፍኩትና መስመሩን ዘጋሁ።

የቀረውን ጨርሼ፣ የድሮውን በዴል አጥፍቼ፣ አዲሱን በሬን የድሮውን ስም ሰጠሁት። ሰዓቱን ወደ ዛሬ መለስኩ፤ በእርሳስ የገለበጥኩትን ወረቀት በጣጥሼ ሽንት ቤት ጣልኩ። በአራት ሰዓት ካድሬው ወረቀት ይዞ መጣ። ታተመ። በጣቱ ቆጠረ። አርባ። ፈረመበት፣ ማኅተም ተመታበት። እኔ ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም፤ ከዚራ ዛፎች ሥር ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት አልነካም። ማንንም ሳልጎዳ ወንድሜን ያተረፍኩ መስሎኝ፣ በብልጠቴ ኮርቼ፣ ለእናቴ ሐብሐብ ገዛሁላት።

እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ልብስ ሳጥብ ሊቀ መንበሩ ከሦስት አብዮት ጥበቃዎች ጋር ገባ። ወንድሜ በራችን ላይ ቆሞ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። ሊቀ መንበሩ አየው፤ ግራ የተጋባ ይመስላል፤ የወንድሜን ስም ለዝርዝሩ የሰጠው እሱ ራሱ ነበርና። ነገር ግን ከከፍተኛው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለምን ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ሊቀ መንበር በዚያ ዘመን አልተፈጠረም። አልፎት ወደ አዮ በር ሄደ።

"ልጅሽን አምጪ" አላት።

"ልጄ ጅቡቲ ነው! አንተው አይደለህ እንዴ ከመዝገብ የሰረዝከው?"

"እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ኮምፒዩተሩ ግን እዚህ ነው ያለው ይላል።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ማሽን ነው። አይዋሽም።" ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ። "እሷን ጠይቂያት፤ የምታሠራው እሷ ናት።"

አዮ ወደ እኔ ዞረች። ሳሙና በእጄ ይዤ ተነስቼ ቆምኩ። የምትስቅ ወይም የምትሳደብ መስሎኝ ነበር፤ ልጁ እውነት ጅቡቲ ያለ ሰው ምን ያስፈራዋል? እሷ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። "ንገሪው እንጂ አቦ! ማሽኑ ተሳስቷል በይው! አንቺ ከተናገርሽ ይሰማሻል!" አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ ለአፍታ ወደ ላይ፣ ወደ ቆርቆሮው ሄዶ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አይጡ፣ መርዙ፣ ብቻዋን ለምትኖር ሴት የሚበዛው እንጀራ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ጥበቃዎቹ ገና ወደ ላይ አላዩም ነበር። ጊዜ ነበረኝ። "ተሳስቻለሁ፤ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ" ብል ያበቃ ነበር። ነገር ግን በማን ቦታ ጻፍሽው የሚል ጥያቄ ይከተላል። ወንድሜ መፋቂያውን አፉ ውስጥ እንደያዘ፣ ከእኔ አምስት እርምጃ ርቆ ቆሟል።

"እኔ የሰጡኝን ነው የምጽፈው" አልኩ።

አንዱ ጥበቃ በጠመንጃው ሰደፍ ኮርኒሱን ወጋው። አቧራ ወረደ። ሁለተኛ ሲወጋው እግር ወጣ። አራት ወር ሙሉ በድሬዳዋ ፀሐይ፣ በቆርቆሮ ሥር፣ ሳንቃ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሲያወርዱት ጸጉሩ አድጎ፣ ቆዳው ወረቀት መስሎ፣ ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው በእጁ ይከልል ነበር። በአጠገቤ ሲያልፉ አወቀኝና ፈገግ አለ።

"ማሽኗ" አለኝ። "የአይጥ መድኃኒትሽ ግን አልገደለኝም።"

ሊያስቀኝ ነው። ወላሂ ሊያስቀኝ ነው የፈለገው።

ወሬው በአንድ ቀን ከገንደ ቆሬ እስከ መጋላ አዳረሰ፤ ከዚራ ያለው ማሽን ኮርኒስ ውስጥ የተደበቀ ሰው አየ። ካድሬው ተመሰገነ። ኃላፊያችን በየስብሰባው ተናገረለት። ልጃቸውን የደበቁ ሌሎች እናቶች፣ ማሽኑ ሳያውቅብን እያሉ፣ ራሳቸው እያመጡ አስረከቡ። ስንት እንደሆኑ አላውቅም፤ ልቆጥር አልፈለግኩም።

አዮ ግን እኔን አልጠላችኝም፤ ይህ ነው የከበደኝ። ማሽኑን እንጂ እኔን አልወቀሰችም። "አንቺ ማል ጎታ፣ ምን ታደርጊ? የሰጡሽን ነው የምትጽፊው" አለችኝ፤ የራሴን ቃል መልሳ። ልጁ ሁርሶ ማሠልጠኛ እያለ በየሳምንቱ ሳምቡሳ ጠብሳ በር ድረስ ትወስድለት ነበር፤ አንዳንዴ ያስገቡላታል፣ አንዳንዴ ራሳቸው ይበሉታል። ከዚያ ወደ ሰሜን ወሰዱት። ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሦስተኛ አልመጣም።

አዮ እኛ ቤት መጥታ ለእናቴ የነገረቻትን ደግሞ ከግድግዳው ውጭ ሆኜ ሰማሁ። "የእኔ ሄዷል። ቀጣዩ ዝርዝር ሳይመጣ ያንቺን ላኪልኝ። ጀልዴሳ ገጠር ወንድሜ አለ፤ ግመል ያስጠብቀዋል። እዚያ ማሽን የለም።" ወንድሜ በአዮ ዘመዶች መሐል፣ ሽርጥ ታጥቆ፣ የግመል ወተት እየጠጣ መንግሥቱ እስኪለወጥ ድረስ ኖረ። ዛሬ የአራት ልጆች አባት ነው። ለምን ከዚያ ዝርዝር እንደተዘለለ አያውቅም፤ "እግዜር ረሳኝ" እያለ ይቀልዳል። አዮም ሳታውቅ ሞተች። ልነግራት ስንት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ፣ ስኳር አበድሪኝ ብዬ ተመልሻለሁ።

ወንድሜ እዚያ ሳለ፣ ዓርብ ዓርብ የጀልዴሳ ሰዎች ለገበያ ሲመጡ የእሱን ወሬ የምታገኘው አዮ ነበረች። አንድ ዓርብ ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ቅዝቃዜው ሲነካት ሻሿን ወደ አንገቷ ሳበች። ከማሽኗ ፊት ቆማ ትንሽ ካየቻት በኋላ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ "አሰላሙ አለይኩም" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"ጠይቂልኝ። የት እንዳለ ጠይቂልኝ።"

"አዮ፣ ይቺ እንደዚህ ያለ ነገር አታውቅም።"

"ጠይቂያት።"

ዲር ብዬ የልጇን ስም ጻፍኩ። ማሽኗ በቃሏ የምታውቀውን መልስ ሰጠች፤ እንዲህ የሚባል ፋይል አልተገኘም። አዮ ማንበብ አትችልም፤ ፊቴን ነው የምታነበው።

"ምን አለች?"

"አላውቅም አለች።"

ወደ ማሽኗ ጎንበስ አለች። "እንዴት ነው የማታውቀው?" አለች፤ በቁጣ ሳይሆን ግራ ገብቷት። "ከእኔ ጣሪያ ሥር እያለ፣ ለጎረቤት ሳልናገር፣ ለገዛ እህቴ ሳልናገር፣ አውቃው የለም እንዴ? ምናልባት አሁን ስሙን ሌላ አድርገሽ ጽፈሽባት ይሆናል። ያኔ እንደጻፍሽው አድርገሽ ጻፊላት።"

ያኔ እንደጻፍኩት ጻፍኩት። መልሱ ያው ነበር።

በሚቀጥለውም ዓርብ መጣች፤ በሚቀጥለውም። መንግሥት እስኪለወጥ፣ ማሽኗም ተነቅላ እስክትወሰድ ድረስ አንድ ዓርብ አልቀረችም። ሳምቡሳውን ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣለች፣ ወንበር ትስባለች፣ ሁልጊዜ በእኔ ትጀምራለች።

"ወንድምሽ ደህና ነው" ትለኛለች። "ወፍሯል፤ ጢም አብቅሏል አሉ። በይ አሁን የእኔን ጠይቂልኝ።"